ከጭራ አጥንት ዕጢ ሕክምና በኋላ፤ ሰው የማያወራው የአንጀት ጉዳይ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎች ሐኪም ፊት ቀርበው እንኳ ለመናገር የሚያፍሩበት ነው። ከጭራ አጥንት አካባቢ ዕጢ ወጥቶለት የዳነ ሰው፣ ጠያቂው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ከሄደ በኋላ ብቻውን የሚጋፈጠው ሌላ ጣጣ አለ። ሰገራው ሳያስበው ያመልጠዋል፤ ወይም ለቀናት አልወጣ ይለዋል። ዕጢው ሲገኝ ስለ ካንሰር ይወራል፤ ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ ስለ ደምና ስለ ገንዘብ ይወራል፤ የአንጀትን ነገር ግን የሚያነሣው የለም። በዚህ የተነሣ ሰውየው ከለቅሶ ቤት ይቀራል፤ የዕድር ስብሰባ ይቀርበታል፤ ታክሲ መሳፈር ይፈራል፤ አንዳንዱም ሥራውን እስከ መተው ይደርሳል። የሚያሳዝነው አብዛኛው ችግር መላ ያለው መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ስለ የትኞቹ ዕጢዎች እንደምንናገር እናስረዳ። አከርካሪያችን ወደ ታች ወርዶ በዳሌ አጥንቶች መካከል ሲደርስ ሰፋ ብሎ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። ይህ አጥንት በሕክምናው ቋንቋ ሳክረም ይባላል፤ ጫፉ ላይ የጭራ አጥንት አለ። በሳክረምና ከፊቱ ባለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። እዚህ የሚበቅሉ ዕጢዎች ብርቅ ቢሆኑም ዓይነታቸው ብዙ ነው። አንዱ ኮርዶማ ነው፤ ፅንስ በማሕፀን ሳለ የአከርካሪ መነሻ ከሆነው ገመድ መሰል አካል ቅሪት የሚነሣ፣ በዝግታ የሚያድግ ካንሰር ነው። በየትኛውም የሰውነት ክፍል የሚነሣው ተደምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰዎች 1 ሰው ገደማ ይይዛል፤ በአብዛኛው የሚታየውም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ባለፉ ሰዎች ላይ ነው። ጃይንት ሴል የሚባለው የአጥንት ዕጢ በወጣትነት ዕድሜ ይከሰታል። ከነርቭ ሽፋን የሚነሡ፣ ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎችም አሉ። በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚገኘው ደግሞ ቴራቶማ ይባላል፤ ከ35 ሺህ እስከ 40 ሺህ በሚደርሱ ወሊዶች በአንዱ የሚታይ ሲሆን ሴት ሕፃናትን ከወንዶቹ በ3 ወይም በ4 እጥፍ ያጠቃል።

ቦታው ጥልቅ በመሆኑ እነዚህ ዕጢዎች ለዓመታት ሳይታወቁ ሊያድጉ ይችላሉ። ሲቀመጡ የሚብስ ድብን ያለ የመቀመጫ ሕመም፣ እየቆየ የሚጠና የሆድ ድርቀት፣ የሰገራ መቅጠን፣ ሽንት ለመጀመር መቸገር ዋና ዋና ምልክቶቻቸው ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ በመቀመጫ አካባቢ የሚሰማ ነገር ሁሉ «ኪንታሮት» የሚል ስም ይሰጠዋል። ሰው በዚህ ስም የባህል ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይቀባል፣ ይተኮሳል፣ ዓመት ያልፋል። ሐኪም በጣቱ ከሚያደርገው የፊንጢጣ ምርመራ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ዕጢ ሊዳሰስ ይችላል፤ ታካሚው ግን በእፍረት «ይቅርብኝ» ይላል። ይህን ምርመራ እምቢ አይበሉ። ዕጢ መኖሩ ከታወቀ ደግሞ ናሙና የሚወሰድበት መንገድ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። በፊንጢጣ በኩል በመርፌ መውሰድ ኢንፌክሽን ሊያስገባና የዕጢውን ሕዋሳት በመንገዱ ሊበትን ስለሚችል፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ሊማከር ይገባል።

አሁን ወደ አንጀቱ እንምጣ። የትልቁ አንጀት መጨረሻ እንደ ማጠራቀሚያ ነው። ሰገራ ሲሞላው ይለጠጣል፤ መለጠጡን የሚናገሩት ነርቮች ናቸው። የመጣው ጋዝ ይሁን ፈሳሽ ወይም ደረቅ ነገር ለይተው የሚያሳውቁም እነርሱ ናቸው። በሩን የሚዘጉት ሁለት የጡንቻ ቀለበቶች ናቸው። የውስጠኛው እኛ ሳናዝዘው ራሱ ጨብጦ ይቆያል፤ የውጨኛውን «ቆይ፣ ትንሽ ታገስ» የምንለው እኛ ነን። ይህን ሥራ የሚመሩት ነርቮች ደግሞ በሳክረም ቀዳዳዎች በኩል በግራና በቀኝ የሚወጡት፣ ከላይ ሲቆጠሩ 2ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ጥንዶች ናቸው። ሽንትንና የወሲብ ስሜትን የሚመሩትም እነዚሁ ናቸው።

ዕጢው በእነዚህ ነርቮች ላይ ተለጥፎ ወይም አቅፏቸው ይገኛል። ካንሰር ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ሳይቆርሰው፣ ከነዙሪያው አንድ ላይ ለማውጣት ይጥራል፤ ዕጢው ከተቆረሰ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራልና። አንዳንዴም ነርቩን አብሮ ማንሣት ግድ ይሆናል። ሐኪም ስሕተት ሠርቶ ነርቭ ጎዳኝ ብለው የሚያዝኑ ታካሚዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሕይወት ለማትረፍ አስቀድሞ የታሰበበት ምርጫ ነው። ችግሩ ታካሚው ስለ ምርጫው አለመስማቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ከየትኛው ነርቭ በታች ይነሣል? በሁለቱም ወገን ነው ወይስ በአንዱ? መልሱ የወደፊቱን ኑሮዎን በብዙ ይተነብያል። በአንድ ወገን ያሉት ነርቮች በሙሉ ቢነሡ እንኳ የሌላው ወገን ከተረፈ፣ አብዛኛው ሰው ሰገራውን የመቆጣጠር አቅም ይኖረዋል፤ በተነሣበት ወገን ግን ቆዳው ይደነዝዛል። የ3ኛው ጥንድ፣ ቢያንስ ከአንድ ወገን፣ መትረፉ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከ2ኛው ጥንድ ጀምሮ ወደ ታች ያሉት በሁለቱም ወገን ከተነሡ ግን የተፈጥሮ መቆጣጠሪያው እንደሚጠፋ ቀድሞ ማወቅ ይገባል። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሰማ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ይዘጋጃል፤ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ የሚያደርገውን ኮሎስቶሚ አስቀድሞ ይመርጥ እንደሆነም ይመክራል። ነርቩ ሳይቆረጥ ተጎትቶ ወይም ተጨፍልቆ ከሆነ ተስፋው ሰፊ ነው። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ግን ለውጡ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሁኔታ የመጨረሻው ነው ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት አንጀት በሦስት ነገር ይፈተናል፤ በማደንዘዣው፣ በመተኛቱና እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ባሉት ማስታገሻዎች። ሦስቱም ያደርቃሉ። የሆድ ማለስለሻ ከማስታገሻው ጋር አብሮ እንዲታዘዝልዎ ማሳሰብ የእርስዎ መብት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አንድ ወጥመድ ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ታካሚውንም አስታማሚውንም በብዛት የሚያሳስት እርሱ ነውና። ታካሚው ለቀናት ሳይወጣ ይቆያል። ከዚያ ድንገት ውሃ መሰል ነገር በቀን ብዙ ጊዜ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡ «ተቅማጥ ያዘው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝቶ ይሰጠዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከታች የደረቀ ሰገራ ተከምሮ ቋጥኝ ሆኗል፤ ከላይ የመጣው ፈሳሽ በቋጥኙ ዳርና ዳር እየሾለከ ይፈስሳል፤ የላላው ጡንቻም ሊይዘው አልቻለም። ማቆሚያው መድኃኒት ቋጥኙን ያባብሰዋል። በተለይ ሆዱ ከተነፋ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋና ከተቅማጡ በፊት ድርቀት ከነበረ፣ ሐኪም ዳስሶ ወይም ራጅ አንሥቶ ሳያረጋግጥ የተቅማጥ መድኃኒት አይውሰዱ።

ሁለተኛው ብዙ የሚያሳስተው ምክር «ውሃ ጠጣ፣ አትክልት ብላ፣ ሰገራህ ይለስልስ» የሚለው ነው። ለብዙ ሰው ትክክል ነው። የሳክረም ነርቮቹ የተቆረጡበት ሰው ግን መዝጊያው ልል ነው፤ ለስላሳ ሰገራ ከያዘ ሲስል፣ ሲያነጥስ፣ ከወንበር ሲነሣ ያመልጠዋል። እንዲህ ላለው ሰው የሚፈለገው ቅርጹን የያዘ፣ ጠጠር ያላለ ግን ጠንከር ያለ ሰገራ ነው። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ያስወጣዋል፤ በመካከሉ በሩ ላይ የሚቆም ፈሳሽ አይኖርም። አንዳንዱም በነርስ ከሠለጠነ በኋላ ጓንት አጥልቆ በቅባት በራሰ ጣት ማውጣት ይኖርበታል። ነውር የለበትም፤ በአከርካሪ ጉዳት ሕክምና ውስጥ የተለመደ ዘዴ ነው። እንግዲህ የጎረቤትዎ መላ ለእርስዎ ላይሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ችግር ድርቀት ነው፣ ማምለጥ ነው፣ ወይስ ሁለቱም? ይህን ሳይለዩ ምግብም መድኃኒትም አይጀምሩ።

ለመለየት የሚረዳው ርካሽ መሣሪያ አንድ ደብተር ነው። ለ2 ሳምንት የበሉትን፣ የጠጡትን፣ የወጣበትን ሰዓት፣ ድርቀቱን ወይም ቅጥነቱን፣ ያመለጠበትን ጊዜና ያን ጊዜ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ይጻፉ። «አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል» ከሚል ታካሚ ይልቅ «ቁርስ በበላሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ በሳምንት 4 ጊዜ አመለጠኝ» ያለውን ሐኪሙ ይረዳዋል።

ሰዓት የማስለመድ ነገር ከመድኃኒት በፊት ይመጣል። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፤ በጠዋት ደግሞ ይበረታል፤ ቡናም ያግዘዋል። ስለዚህ ከቁርስና ከቡና በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ስሜቱ መጣም አልመጣ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መፀዳጃ ቤት ይቀመጡ። ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ አጥብቀውም አያምጡ። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ይቀናል። የአገራችን ቁጢጥ የሚባልበት መፀዳጃ ለዚህ የተመቸ ቢሆንም ሳክረሙ የተነካ ሰው ግን ሚዛኑን ሊስት፣ እግሩ ሊዝል ይችላልና መሐሉ የተበሳ ወንበር ማሠራት ይሻላል፤ ከእግሩ ሥር አነስተኛ በርጩማ ያድርግ። በጓዳ የሚሠራ አናጢ ይህን በቀላሉ ይሠራዋል።

ምግብን በተመለከተ የእኛ ማዕድ ክፉ አይደለም። የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስርና ሽሮ አሰር አላቸው። ተልባ አፍልቶ ወይም ወቅጦ በውሃ መጠጣት ድርቀት ላለበት ይረዳል፤ ተልባ ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ግን ራሱ ይደፍናል። ጥራጥሬው ጋዝ የሚያበዛባቸው በትንሽ በትንሹ ይልመዱት። ሙዝና ሩዝ ቅጥነትን ያጠናክራሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ የበዛበት ወጥ ብዙዎችን ያጣድፋል፤ ቡናም ሲበዛ እንዲሁ። ወተት የማይስማማው ሰው ከሕክምናው በኋላ ይብስበታል። በጾም ወራት ከረጅም ሰዓት በኋላ ሞልቶ መብላት አንጀትን ድንገት ስለሚያስነሣ፣ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ከምግቡ ጋር ያስተያዩ። ኮሶ፣ የጉሎ ዘይትና በየገበያው «ሆድ የሚጠርግ» እየተባለ የሚሸጠውን ቅጠላ ቅጠል ግን ከዚህ ሕክምና በኋላ ይተው። በአንድ ጊዜ ጠርገው ጨው ያሟጥጣሉ፤ ልል ጡንቻ ያለው ሰው ደግሞ ሊይዘው አይችልም።

መድኃኒቶቹ በሐኪም ቁጥጥር ሲወሰዱ ጥሩ ናቸው። ላክቱሎስ ያለሰልሳል፤ ቢሳኮዲል አንጀትን ያንቀሳቅሳል፤ ሎፐራማይድ ደግሞ ያዘገያል። ቋጥኝ እንደሌለ ከተረጋገጠ፣ ማምለጥ ያለበት ሰው ሎፐራማይድን ሐኪሙ በወሰነለት መጠን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ለሠርግና ለለቅሶ ከመውጣቱ በፊት ሊወስድ ይችላል። ትንሽ ነርቭ ለተረፈለት ሰው የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴ ይጠቅማል፤ ጋዝ ለመያዝ እንደሚደረገው ፊንጢጣን ወደ ላይ ስቦ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው፤ ውጤቱ ግን ከወራት በኋላ ይታያል። ይህን በትክክል የሚያስተምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይጠይቁ። በወሊድ ጉዳት ሽንትና ሰገራ የሚያመልጣቸውን እናቶች ለአሥርተ ዓመታት ያከመው የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ልምድ የሚያሳየን አንድ ነገር አለ፤ ማምለጥ የአካል ጉዳት እንጂ እርግማን አይደለም፤ ለብዙዎቹም ሕክምና አለው። ይህን ለጭራ አጥንት ታካሚም ልንለው ይገባል። ከዚህም በላይ ውሃን በፊንጢጣ በኩል በሾጣጣ መሣሪያ አስገብቶ አንጀትን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ማጠብ የሚባል ዘዴ አለ። ሠርቶላቸው ወደ ሥራ የተመለሱ አሉ። ሆኖም በሥልጠና ብቻ፣ ቀዶ ሕክምናው ከዳነ በኋላ፣ ጨረር ካገኙም ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ይደረጋል፤ አንጀት መብሳት ይችላልና።

የደነዘዘ ቆዳ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በመቀመጫው ሙቀትና ሕመም የማይሰማው ሰው እንደ ልማዱ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። ውሃውን በክንድዎ ይፈትሹ፤ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ መቀመጥም ቁስል ያመጣል፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ክብደትዎን ያዘዋውሩ፤ ማታ በመስተዋት ወይም በትዳር ጓደኛዎ ዓይን ቆዳውን ይመልከቱ። ሲያመልጥ ወዲያው በውሃ ማጠብ፣ ሳይሹ አድርቆ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት መቀባት ቆዳን ያድናል። ሽታን በሽቶ መሸፈን ግን ቆዳውን ይልጣል።

ጨረር የተሰጠው ታካሚ የራሱ ታሪክ አለው። ኮርዶማ ለተራ ጨረር መጠን በቀላሉ ስለማይንበረከክ ከፍተኛ መጠን ይሰጠዋል፤ አንጀትም አጠገቡ ስለሆነ ድርሻውን ያገኛል። የጨረር ጉዳት ወዲያው ሳይሆን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ደም፣ ንፍጥ መሰል ፈሳሽና ድንገተኛ መጣደፍ ምልክቶቹ ናቸው። «ኪንታሮቴ ተነሣ» ብለው አይለፉት፤ በጨረር የተነካ አካል ላይ መተኮስና ቅጠል መለጠፍ ፈጽሞ የማይዘጋ ቁስል ሊከፍት ይችላል። ደም ካዩ ሐኪሙን «ጨረር አግኝቻለሁ» ብለው ያሳውቁ።

ወላጆች ደግሞ ይህን ያድምጡ። ቴራቶማ የወጣለት ሕፃን ዕጢው ከጭራ አጥንቱ ጋር አብሮ ካልተነሣ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ አብሮ መነሣቱን ይጠይቁ፤ የክትትል ቀጠሮውንም ቢያንስ ለ3 ዓመት አያቋርጡ። ልጁ ካደገ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ከእኩዮቹ ዘግይቶ ሰገራ መናገር ይለምዳል፤ ይደርቀዋል፤ ትምህርት ቤት ሱሪው ላይ ይሠራል። በዚህ ምክንያት «ሰነፍ»፣ «ቆሻሻ» የተባለ፣ የተገረፈም ልጅ ጥቂት አይደለም። ልጁ ስሜቱ ስላልደረሰው ነው። ከቁርስ በኋላ አስቀምጡት፤ ሲሳካለት አመስግኑት፤ ሲያመልጠው ዝም ብላችሁ አጽዱ። ለመምህሩ ብቻ አስረድታችሁ እጁን ሳያወጣ እንዲወጣ ፈቃድ ለምኑለት፤ ቦርሳው ውስጥ መቀየሪያ ልብስና ላስቲክ አኑሩ። ሽንቱንም አስመርምሩ፤ ያልወጣ ሽንት ዝም ብሎ ኩላሊት ይጎዳል።

መላው ሁሉ ተሞክሮ ሰው ቀኑን ሙሉ መፀዳጃ ቤት እየተከተለው ከሚኖር ይልቅ ኮሎስቶሚ ቢያሠራ ኑሮው የሚቀልለት ሰው አለ። በእኔ እምነት ይህ በመጨረሻ ላይ ብቻ የሚጠራ ሽንፈት ተደርጎ መቅረቡ ተገቢ አይደለም። ከረጢት የሚቀየርበትን ዘዴ የለመደ ሰው ይሠራል፣ ይጓዛል፣ ጸሎት ቤት ገብቶ ይቆማል። ከመወሰንዎ በፊት የከረጢቱ አቅርቦትና ዋጋ በሚኖሩበት ከተማ እንዴት እንደሆነ ግን ይጠይቁ፤ ይህ በተግባር ከሐኪሙ ይልቅ የእርስዎን ኑሮ የሚወስን ነገር ነው።

በመጨረሻም ደብተሩን ይዘው ወደ ቀጠሮዎ ይሂዱ። ኮርዶማ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል፣ ተስተካክሎ የነበረ አንጀት ያለ ምክንያት ዳግም ከተበላሸ፣ የመቀመጫ ሕመሙ ከተመለሰ ወይም ኪሎ ከቀነሱ ቀጠሮ አይጠብቁ። መቀመጫዎና ብልትዎ አካባቢ በድንገት ከደነዘዘ፣ ሽንት ፈጽሞ ካቆመ፣ እግርዎ ከዛለ፣ ወይም ሆድዎ ተነፍቶ ከማስመለስ ጋር ጋዝ እንኳ ካልወጣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።